መኪናዬን ሌላ ሰው ሲያክማት

ወረታ ላይ ያሰሩኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ እርጥብ አፈር ነበር፤ ጥጋጥጉ ገና ጓያ ጓያ ይሸታል። አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረችው። በመስኮቷ ግቢው ይታያል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ መኪናዬ ቆማለች። ሌላው እስረኛ ንብረቱን በሐሳብ ይናፍቃል። እኔ ግን ዓይኔ ሥር ሆና ሌላ ሰው ሲነዳት እንዳይ ተፈረደብኝ።

ጥፋቴ የቁሐር ሚካኤል ሽማግሌዎችን ጭኜ ደብረ ታቦር ማድረሴ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ ነው። ሽማግሌዎቹ የግጦሽ መሬታችን ተወሰደብን ብለው አቤት ሊሉ ሄዱ፤ ስንመለስ ፖሊሶች ወረታ መገንጠያው ላይ ጠበቁን። «አድማ ነው» ተባለ። ሌሎቹን ገስጸው ለቀቋቸውና እኔን፣ ነገሩን በአፋቸው ያቀረቡትን አንድ አዛውንት፣ አሮጌዋን ፒካፔንም ያዙ። አዛውንቱን ጠዋት ከደጃቸው ስወስድ ለባለቤታቸው «ሳይመሽ እመልሳቸዋለሁ» ብዬ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ከእኛ ቀድሞ የታሰረ አንድ ሾፌር አገኘን። የጎንደር ልጅ ነው፤ የይፋግን አቤት ባዮች በጌታው መኪና አመላልሰሃል ተብሎ የገባ። ጥርሰ ፍንጭት፣ ተረበኛ። መጀመሪያ ቀን ወደድኩት።

የጥበቃው ሹም ሃምሳ አለቃ ነበር። ገበያ በቆመ ቁጥር መኪናዬን አስነስቶ ይወጣል፤ ጥሩምባዋን ሲነፋ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ጠዋት ከፖሊሶቹ አንዱ ላጽዳት ብሎ ካርቡራቶሯን ፈታ። ካርቡራቶሯ ሞተሩ ላይ የምትቀመጥበት ብረት ጠማማ ስለነበረ ክፍተቱን የሚደፍነው የሱቅ ጓርኒሲዮን አይዝላትም። ስለዚህ በመካከል የምታርፍ ቀለበት ከበሬ ቆዳ ቆርጬ፣ ሞራ አጠጥቼ አድርጌላት ነበር። ፖሊሱ እድፍ መስሎት ወረወረው። የግቢው ውሻ ሞራው ሸቶት ቆዳውን ነክሶ እልም አለ። ይህን ሁሉ በመስኮት አየሁና ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሞተሯ ታመመ። ቤንዚን ሲሰጧት ትስተካከላለች፤ እግራቸውን ሲያነሱ ትንዘፈዘፍና ጸጥ ትላለች። ደስ አለኝ። የእኔ ካልሆነች የማንም አትሁን።

ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ከእናንተ ሞተር የሚያውቅ ማነው?» አለ።

ሌላ ሰው ሳይነካት ብዬ ቀድሜ ተነሣሁ። ሳቀብኝ።

«አንተን ከመኪናህ ጋር ባገናኝ ሁለታችሁንም አጣለሁ። አንተ ጎንደሬ፣ ና!»

መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ጎንደሬው ኮፈኗን ከፍቶ መሣሪያ እንኳ አላነሣም። አስነሥቷት ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት። ነካ ነካ አድርጎ ቢያበላሻት ይሻለኝ ነበር። ካንዴላዎቿን ፈትቶ፣ ጠርጎ መለሰ፤ መንዘፍዘፏን አልተወችም። ቀጥሎ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነከረና ከካርቡራቶሯ ሥር ጠመጠመባት። ጨርቁ እስኪደርቅ ድረስ ጡት እንዳገኘ ሕፃን ጸጥ ብላ ሠራች። ያን ዘዴ እኔ ያገኘሁት ስንት ወር ለፍቼ ነው። እሱ ከምሳ በፊት ደረሰበት።

ሲመልሱት እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሽታው ሳይቀር አስቀናኝ። አጠገቤ ተቀመጠ።

«ከሥር አየር ትስባለች» አለኝ። «ካርቶን ቆርጬ ባደርግላት ወዲያው ተበጣጠሰ። አንተ ምን አርገህላት ኑረሃል?»

«እንጃ።»

«አንተ ያላወቅከው ማን ይወቀው?»

«ራሷን ጠይቃት። ተግባብታችኋል አይደል?»

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። አዛውንቱ ከጋቢያቸው ውስጥ፣ «አይ ልጄ፣ ሰው በሚስቱ ሲቀና እንጂ በብረት ሲቀና ዛሬ ማየቴ ነው» አሉ።

በሣልስቱ ወባ አዛውንቱን ጣላቸው። ጋቢያቸው ላይ የእኔን ኮት፣ የጎንደሬውን ሹራብ ብንደርብም መንቀጥቀጣቸው አልቆም አለ። ጎንደሬው በሩን በጡጫ ደበደበ። ሃምሳ አለቃው ገብቶ አያቸው፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ካልደረሱ አይተርፉም» አለ። «ያች መኪና ደግሞ ዓለም በርን ሳታልፍ ትቆማለች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሌላ መኪና መቼ እንደሚያልፍ እንጃ።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ወደኔ አዩ።

«ልጄ፣ ከብቶቹ ውሃ ጠጡ?»

«ጠጥተዋል አባቴ። እርስዎ ይረፉ።»

ቁጭ ብዬ የአንድ እግር ጫማዬን አወለቅሁ። ስፌቱን በጥርሴ ፈትቼ ምላሱን ነቀልኩና ለጎንደሬው ሰጠሁት።

«ቆዳ ነው ያደረግሁላት። ሞራ አጠጣው። ብሎኖቹን በአንዴ አታጥብቃቸው፤ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እያልክ ቀስ በል።»

ቆዳውን ጨብጦ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተረበኝም።

ጥቂት ቆይቶ ሞተሯ ተነሣ። መስኮቱ ጋ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ድምፅዋን አውቀዋለሁ፣ የጥንቱ ድምፅዋ ነው። ደስም አለኝ፣ ቀናሁም። ከጫማዬ የነቀልኩትን ጉርሻ በሰው እጅ ጎረሰች። አዛውንቱን ተሸክመን አወጣናቸውና ኋላዋ ላይ ጭድ ጎዝጉዘው አስተኟቸው፤ አንድ ፖሊስ አጠገባቸው ተቀመጠ። ብትቆም ያስነሣታል ተብሎ መሪውን የያዘው ጎንደሬው ነው። እኔን በሩ ላይ አቆሙኝ። እንዳልናገር ምላሴን ብይዘውም ዳገቱ ትዝ አለኝ፤ ጭድ ላይ የተኙት ሰውዬም ትዝ አሉኝ።

«ሁለተኛ ማርሽ ትዘላለች!» ብዬ ጮህኩ። «ዳገት ላይ በእጅህ ያዛት!»

ራሱን አውጥቶ ፍንጭቱን አሳየኝ።

«ነግራኛለች!»

ከግቢው ወጥቶ ወደ መገንጠያው ሲታጠፍ ማርሹ አንዴም አልጮኸበትም። ክፋቱ፣ ጥሩ አድርጎ ነዳት። ፖሊሱ ክንዴን ሊይዝ ሲል፣ «መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኩትና አንዱ ጫማዬ እየወለቀ በራሴ እግር ወደ መጋዘኑ ገባሁ።

አዛውንቱ ድነው ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ጎንደሬውን ከደብረ ታቦር ወደ ሌላ እስር ቤት አዛወሩት፤ ዳግመኛ አላየሁትም። እኔም ከወራት በኋላ ተለቀቅሁ፤ መኪናዬ ግን ለመንግሥት ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ከእሷ የተሻሉ መኪኖች ነድቻለሁ፣ አርጅቻለሁም። ልጆቼ ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ስለ ትኋኑና ስለ ጭቃው እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ነገር ለልጅ አይነገርም።

ያን ጎንደሬ በሕይወት ኖሮ ባገኘው አንገቱን አቅፌ እስመዋለሁ። ስሜው ስጨርስ ግን ሌላስ ምን ነገረችህ ብዬ መጠየቄ አይቀርም።