ያልተላጠው ቀይ በርሜል

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል በቆጠርኩበት ዓመት። ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቀለም ቀቢ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን በርሜሉ ደጄ ላይ ቆሞ አላስረሳ አለኝ።

ከክፍለ ሀገር እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስፋልቱ ዳር የመንገደኛ ውሃ የሚቀመጥበትን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቀይ ቀባው፣ መፈክርም ጻፍበት አለኝ። እኔ የማውቀው በርና መስኮት፣ ቆርቆሮና ግድግዳ ነው። ፕላስቲክ ቀብቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን ያኔ እምቢ ማለት ነበር።

ቆርቆሮ እንደማጸዳው በነጭ ጋዝ ወለወልኩት፤ አብረቀረቀ። በዚያ በሮቢት የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ወፍራም አድርጌ ለጠፍኩበት። ያማረ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ውሃ ሊቀዱ ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ቢያስደግፉበት፣ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ እጅጌያቸው ላይ ቀረ።

"አንተ ሰይድ፣ በርሜሉን ነው የቀባኸው እኔን?" ብለው ሳቁ። የሳቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሊቀመንበሩ መጥቶ በጥፍሩ ጫረው። መፈክሩ ከነቀለሙ እጁ ላይ መጣ።

"ይሄ አሻጥር ነው" አለ።

"ጓድ፣ ስለማላውቅ ነው።"

"የሰዉ በር ላይ ይይዝልሃል፤ መፈክር ሲሆን ነው የሚላጠው? እንግዳው አርብ ይገባል። እስከዚያ ካልተስተካከለ የምትገባበትን ታውቀዋለህ።"

አውቀዋለሁ። እስረኞች ለሥራ ሲወጡ በየቀኑ በፊቴ ያልፉ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የቀረውን ቀለም ስፍቅ፣ አንድ እስረኛ ከጠባቂው ጋር ውሃ ሊጠጣ ቆመ። ከሲታ፣ ጠና ያለ ሰው ነው። እየጠጣ በርሜሉን በጣቱ ዳሰሰ።

"በጋዝ ነው የወለወልከው?"

"አዎ።"

"ጋዝ ላዩ ላይ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ፕላስቲክ ደግሞ ልሙጥ ነው፤ ቀለሙ የሚይዘው ነገር የለውም። እኔ መኪና ቀቢ ነበርኩ። በሳሙና እጠበው። ማብረቅረቁ እስኪጠፋ በወንዝ አሸዋ ፈትገው። ከዚያ በቤንዚን ጥረገው፣ በእጅህ እንዳትነካው። ማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ስስ አድርገህ ቀባው። ይደር። በማግስቱ ድገመው።"

"ቶሎ ጠጣ!" አለ ጠባቂው።

"እየጠጣሁ ነው፤ ጥም በትእዛዝ አይቆረጥ ነገር" አለና ጣሳውን አስቀምጦ ሄደ።

እንዳለኝ አደረግኩ። እትዬ ዘይነባ ድስት በሚፈትጉበት አሸዋ አብረውኝ ፈተጉ። ክንዴ ዛለ። ረቡዕ ማለዳ ቀባሁ፣ ሐሙስ ደገምኩ፤ ሲደርቅ መፈክሩን መልሼ ጻፍኩበት።

አርብ ሊቀመንበሩ እንግዳው ፊት በርሜሉን በጥፍሩ ጫረው። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

"ማነው እንዲህ አድርጎ ያሳየህ?" አለኝ።

ያ ሰው ከመንገዱ ማዶ ከሌሎቹ ጋር ቦይ ይቆፍር ነበር። ቀና ብሎ ያየኝ ይመስለኛል።

"ራሴ ነኝ" አልኩ።

ለሱ አስቤ ነው ብዬ አልዋሽም። ለራሴ ፈርቼ ነው።

አጨበጨቡልኝ። የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ፤ ስሜን ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያን ቀን ነው። የሰውየውን ስም ግን አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ስንት ጠዋት በርሜሉ አጠገብ ቆሜ የሚያልፉትን እስረኞች አየሁ፤ እሱ የለም።

ወረቀቱን ምስጥ በላው። መንግሥት ሲለወጥ በርሜሉን የሚፈልገው ጠፋና ወደ ቤቴ አንከባለልኩት። መፈክሩ ደብዝዟል፤ ቀዩ እንዳለ ነው። ሰው ሲያየው "ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ሁሉ ዘመን እንዴት ያዘልዎ?" ይለኛል። "አንድ እስረኛ ነው ያሳየኝ" እላለሁ። አሁን መናገሩ አይከብድም፤ የሚፈራ ነገር የለም።

"ማን ይባላል?" ሲሉኝ ነው የሚደክመኝ።