አሥራ አንደኛው ጉድጓድ

አሶሳ ዙሪያ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ኻሚስን ነው። ኻሚስም ይህን ያውቃል፣ ማወቁንም አይደብቅም። በዶማና በመሮ አሥራ አንድ ጉድጓድ ቆፍሯል። ሲያመሰግኑት አንገቱን የሚደፋ ዓይነት አይደለም፤ ምስጋናው ካነሰ ራሱ ይጨምርበታል። ቢኮራም ይገባዋል።

አሥራ አንደኛው ከሁሉም ይበልጥበታል። እህቱ ሳሊማ በምትኖርበት መንደር፣ ለሟች እናታቸው ሰደቃ ብሎ፣ ቋጥኝ እየፈለጠ ሦስት ወር የለፋበት ነው። መንደሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጉድጓድ ጠጥቷል። ሴቶቹ ኻሚስን ሳይመርቁ ቀድተው አይሄዱም። እሱም ምርቃቱን ለመስማት ሲል ብቻ ሰበብ እየፈለገ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር።

ባለፈው በጋ የድንጋይ ጥናት ቡድን መጣና ኻሚስን በመንገድ መሪነት ቀጠረው። ኃላፊዋ ስርጉት የምትባል ወጣት ጂኦሎጂስት ናት። ስለ ድንጋይ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው፣ ያውም የልጁ እኩያ፣ መገኘቱ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ ሲደርሱ ጨረር የሚለካው መሣሪያ ጩኸቱን አፈጠነ። ስርጉት ከግራናይቱ ስንጥቅ የቀላ ድንጋይ ፈልጣ አወጣች፤ በጣቷ ስትጫነው ጠርዙ ተፈረፈረ። ከብዙ ዘመን በፊት ፍል ውኃ ከምድር ሥር በስንጥቁ ሽቅብ እየወጣ ያን ጠንካራ ግራናይት እንዳበሰለው፣ ከፊሉን ወደ ሸክላ እንደለወጠው፣ ይዞት የመጣውን ዩራኒየምም እዚያው ትቶት እንደሄደ ነገረችው። ለአገር ሀብት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠጣ ውኃ ውስጥ ከገባ ግን ኩላሊት ይጎዳል አለችው።

ኻሚስ ድንጋዩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ያውቀዋል። ከአሥራ አንደኛው ጉድጓድ ወለል በቅርጫት ያወጣው ይኼንኑ ነው፤ ያን ጊዜ ለመፈለጥ ስለቀለለት አላህን አመስግኖ ነበር። ጉድጓዱ አሁን በሲሚንቶ ተለብጧል፣ የወጣው ድንጋይም ከመንገድ ሥር ተደልድሏል። ዝም ቢል የሚደርስበት ሰው የለም። ድንጋዩን በእጁ እንደያዘ ኮረብታውን ወረደ።

ከታች ሲደርሱ ቆመ። "ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ እኔ አውቃለሁ" አላት። "የእህቴ ሰፈር ጉድጓድ፣ ታች እሱ ነው ያለው። እኔ ራሴ ነው የቆፈርኩ።"

ስርጉት ከጉድጓዱ ውኃ ቀድታ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ውኃው ንጹሕ ሆኖ ሊገኝም እንደሚችል ነገረችው። ኻሚስ ግን አልጠበቀም፤ በዚያው ቀን ክዳኑን በቁልፍ ዘጋው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ከበቡት። ወንዙ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከሁሉም የመረራት ሳሊማ ነበረች፤ በእናታችን ስም የተሰጠ ውኃ እንዴት ይዘጋል አለችው።

"በእናታችን ስም መጥፎ ውኃ አላጠጣም" አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን ነፈገችው። እሱ በየማለዳው በአህያ ከወንዝ ውኃ እያመላለሰ በየደጁ ያራግፋል፤ ሴቶቹ ይቀበሉታል፣ የሚመርቀው ግን የለም። ያን ሰሞን ኻሚስ፣ ያ ጉረኛ፣ ተሳስቶ እንዲገኝ አላህን ሲለምን ከረመ።

አልተሳሳተም። በስድስተኛው ሳምንት ስርጉት ራሷ መጥታ ውኃው እንደማይጠጣ ለመንደሩ ተናገረች፤ የጠጡትንም ሐኪሞች መጥተው እንደሚመረምሯቸው ነገረቻቸው። ኻሚስ የእህቱን አምስት ልጆች አንድ በአንድ ተመለከታቸውና ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ስርጉት ከመንደሩ ሥር በበጋ ከሚደርቀው ጅረት ማዶ፣ ሌላ ዓይነት ድንጋይ ያለበትን ቦታ አሳየችው። ማንንም ሳይጠራ ዶማውን አነሣ።

በአራተኛው ቀን ጉድጓዱ ከቁመቱ አለፈ። ከዚህ በኋላ ቆፋሪ ብቻውን አይወርድም፤ ከላይ ገመዱን የሚይዝለት፣ ነፍሱን በአደራ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። ኻሚስ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ሌላውን ጫፍ በእጁ እንደያዘ አፋፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሳሊማ ጅረቱን ተሻግራ መጣች። ጫፉን ከእጁ ወሰደችና በራሷ ወገብ ላይ ሁለቴ ጠመጠመችው።

"ውረድ" አለችው።

ጉድጓዱ ከተዘጋበት ቀን ወዲህ ያናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።