የወይንሸት ሦስት ብርጭቆዎች

ወይንሸት ያላፈላችው ነገር ቤቷ አይገባም ነበር። ውሃ ታፈላለች፣ ወተት ታፈላለች፣ የብርቱካን ጭማቂ ሳይቀር ከስኳር ጋር በመዳብ ድስት ግማሽ ቀን ታንተከትካለች። በጤና ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት ተሐዋስያን ስትቆጥር ኖራ ሰው ማመን ትታለች። ባሏ በኦጋዴኑ ጦርነት ከወደቀ ወዲህ ደግሞ ሶማሊኛ የሚናገር ሁሉ እሷ ዘንድ ገዳይ ነው። ይህንንም በአደባባይ ትናገረዋለች፤ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም።

ከሁሉ የጠመደችው ሶማሌዋን ሀሊሞን ነው። ሀሊሞ በየጠዋቱ ከዋሂል ገጠር እየመጣች እነወይንሸት ሰፈር፣ ከዚራ በሚባለው ጥግ ላይ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ ያውም እንደ አባቶቿ ወግ ሳታፈላው። "የግመል ወተት እሳት አይወድም" ትላለች።

በ1970 ክረምት የወይንሸት ወንድም ሣህሉ ከግንባር ተመለሰ። ስንት ወር ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ኮቾሮ ሲቆረጥም ከርሞ ድዱ አብጧል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ በተናገረ ቁጥር ደም ይተፋል። ሐኪሙ "ቫይታሚን ሲ አንሶታል፣ ፍራፍሬ ይውሰድ" አለ። ጥሬው ብርቱካንና ሎሚ ግን የቆሰለ ድዱን ለበለበው። ወይንሸት ያንን የፈላ ጭማቂዋን በቀን ሦስቴ ታቀርብለት ጀመር። በሦስት ሳምንት ደሙ ቀነሰ። ከዚያማ ማን ይቻላት!

"እኔ አድናለሁ፣ ያቺ በሽታ ትሸጣለች" ብላ የግመል ወተት ይታገድ የሚል ማመልከቻ ለቀበሌው ሊቀመንበር ጻፈች። እሱም ማኅተሙን አሳረፈበት። ወተቱ በማግስቱ ሊደፋ ተወሰነ። ይህም አልበቃት፤ ሀሊሞ በደንበኞቿ ፊት እንድትዋረድላት ፈለገች። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለውን ረስታ።

ጠዋት ሀሊሞ ከምትሸጥበት ጥግ ጠረጴዛ አስወጥታ፣ በሀሊሞ፣ በደንበኞቿና ወተቱን ሊያስደፋ በመጣው ሊቀመንበር ፊት ሦስት ብርጭቆ ደረደረች። የበቆሎ ዱቄት የፈላበት ውሃ ሞልታ አዮዲን ብትጨምርበት ሦስቱም ጠቆሩ። ሙከራውን የምታስታውሰው ከተማሪ ቤት ነው።

"ቫይታሚን ሲ ሲገባበት ይነጣል፤ ከሌለው እንደጠቆረ ይቀራል" ብላ ለሰዉ አስረዳች። ከዚያ ጭማቂዋን አንደኛው ላይ ታንጠባጥብ ጀመር። ሃያ ጠብታ፣ ሠላሳ ጠብታ፣ ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም፤ ግማሽ ቀን ሲንተከተክ ቫይታሚኑ እሳት ላይ አልቆ ኖሯል።

የሀሊሞን ወተት በኮምጣጤ አቋጥራ በሻሽ አጠለለችና ውሃውን ሁለተኛው ላይ ጨመረች። ጥቁሩ ሳሳ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ።

"ኮምጣጤው ነው" አለች ፊቷ እየቀላ፤ ሦስተኛው ላይ ኮምጣጤ ብቻ ገለበጠች። እሱም እንደጠቆረ ቀረ።

ሣህሉ ከሰዉ መሀል ወጣ። "እቴ፣ ጭማቂሽን ስደፋው ነው የከረምኩት። ያተረፈኝ የሀሊሞ ወተት ነው። ወታደር መሆኔን እያወቀች በየጠዋቱ በመስኮት ታቀብለኝ ነበር" አለ።

ወይንሸት ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ "ወረቀቱን ይመልሱልኝ፣ ተሳስቻለሁ" አለች።

"ጓድ ወይንሸት፣ ማኅተም ካረፈበት በኋላ አይመለስም" አለና ለቀበሌው ጥበቃዎች ምልክት ሰጠ። ወተቱን አስፋልቱ ላይ ደፉት። ሀሊሞ ባዶ ዕቃዋን አነሳች።

"ለወንድሜ ብቻ እንኳ ነገ አምጪለት፣ ጥርሱ ገና አልጠናም" አለቻት ወይንሸት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምና።

"ወላሂ፣ እኔስ ባመጣሁለት። ወተት ይዤ ከዚራ ብገባ በምን እንደምታሰር ግን ታውቂያለሽ፤ በአንቺ ፊርማ" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ሣህሉ ቤት ገብቶ የወታደር ከረጢቱን ይዞ ወጣ። "ወተቱ ካልመጣልኝ እኔ እሄድለታለሁ" አለ። ወይንሸት ክንዱን ያዘችው። "እነሱ ዘንድ ልትኖር ነው? ባሌን የገደሉት ዘንድ?"

"እኔ ከጦርነቱ ተመልሻለሁ" አላት፤ "አንቺ ነሽ ያልተመለስሽው።"

እጇን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ሀሊሞን ተከትሎ በዋሂል መንገድ ሄደ።