በሴሚናር ላይ የሞቱት የክርስትና አባቴ

በደርግ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፍልስፍና ሴሚናር ነበረን። በየሳምንቱ አንዳችን ጽሑፍ ያቀርባል፣ ሌሎቻችን እንጠይቃለን። ብዙዎቹ ጓደኞቼ የማያነካካ ርእስ ይመርጡ ነበር። እኔ ግን ጎበዝ መባል አማረኝና «ሰውን ለማዳን መዋሸት ተገቢ ነው ወይ?» የሚል ርእስ ያዝኩ። ምሳሌውንም ከአገሬ አመጣሁ።

የክርስትና አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ የሚፈለግ አስተማሪ ጎተራቸው ውስጥ ደብቀው፣ ለፈታሾቹ በጊዮርጊስ ምለው «አላየሁም» ብለዋል። ይህን ያጫወቱኝ ለእኔ ብቻ ነው። በጽሑፌ ስማቸውን አልጠራሁም፤ «በቡሬ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ከራሳቸው አንደበት እንደነገሩኝ» ብዬ አለፍኩ። የሚበቃ መስሎኝ ነበር፣ ሞኙ።

አንብቤ ስጨርስ፣ ከኋላ የሚቀመጥና ጠይቆ የማያውቅ ሰው እጁን አነሳ። ካድሬ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔም የዚያው አገር፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «አዛውንቱ የየትኛው ገበሬ ማኅበር አባል ናቸው?»

የፈጠርኩት ታሪክ ነው እንዳልል፣ ከአንደበታቸው ሰማሁ ብዬ ገና አሁን አንብቤያለሁ። ወረቀቶቼን በከንቱ አገላበጥኩ።

«ሞተዋል» አልኩ።

ሰውዬው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ለእረፍት እስክንለቀቅ ድረስ እህል አልበላልህ አለኝ። ቡሬ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ስሄድ፣ መንገዱን ሙሉ ግቢያቸው ባዶ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ደጃቸው ላይ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ገደልከኝ በለኛ» አሉ መጥረቢያውን አስቀምጠው። «ምን ገደላቸው ብለህ ተናገርክ?»

«አልጠየቁኝም፣ አባ።»

«ከጠየቁህ ሆዳቸውን አሟቸው ነው በል።» ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሳቃቸው ሲያልቅ ሞፈሩን እየዳበሱ፣ «መዋሸቱን ደግ አርገሃል። ግን መጀመሪያውን ለምን አወራኸው፣ ልጄ?» አሉኝ።

መጥረቢያውን አንስቼ አቀበልኳቸው።

ያን ዓመት ቡሬ ገበያ አልወጡም። ገበያ የሚወዱ፣ በሬ ባይገዙ እንኳ ጥርሱን አይተው ዋጋ ጠይቀው የሚመለሱ ሰው ነበሩ። ሰው ሲጠይቃቸው እግራቸውን እንዳመማቸው ይናገሩ ነበር አሉ። እኔ ባመጣሁት ጣጣ፣ በእርጅናቸው ሌላ ውሸት ተጨመረባቸው። ሊይዛቸው የመጣ ግን አልነበረም፤ ካድሬው የጻፈውንም እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደርግ ከወደቀም ቆይቶ፣ አንድ ዘመዴ መንገድ ላይ አስቁሞኝ የክርስትና አባቴ ማረፋቸውን ነገረኝ። ማልቀስ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ዞር ዞር ብዬ አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ማነው ስለሳቸው የጠየቀህ?» አልኩት።