ኢንተርኔቱን ትቼ ሚሞሪውን መረጥኩ

ሻጩ «ታዲያ የሲሙን ካርድ ልግጠምልሽ?» ሲለኝ፣ ዛሬ አሰላ አንድ የላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነበር። ውስጡ ያለው ትርፍ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ወይ በሲም ኢንተርኔት የሚያስገባ ካርድ ይገጠምበታል፣ ወይ ፎቶና ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ተጨማሪ ሚሞሪ። ሁለቱን አይችልም።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳላመነታ ኢንተርኔቱን ነበር የመረጥኩት። አባዬ ዲክሲስ ከተማ፣ ቤቱ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሥራዬ በኢንተርኔት ስለሆነ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየሠራሁ ላስታምመው አሰብኩ።

በስልክ ስነግረው ደስ ብሎት «በይ ቶሎ ነይ፣ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስደርግልሻለሁ» አለኝ።

ሻጩ ከድር ካርዱን ከአዲስ አበባ እስኪያስመጣልኝ አባዬ አረፈ። ለቀብሩ ስደርስ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

ዛሬ ይህን ሁሉ ለከድር ነገርኩት። «አላህ ያጽናሽ እህቴ» ብሎ ካርዱን ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ «እና ምን ላድርግልሽ?» አለኝ።

«ሚሞሪውን» አልኩት። ስልኬ በአባዬ ቪዲዮ ሞልቶ ሌላ አልቀበልም ብሏል፤ አንዷን እንኳ ለማጥፋት እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ቪዲዮ ስላችሁ ደግሞ፣ አብዛኛው ላይ እየተቆጣኝ ነው፦ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር አጥፊውና እህል ቅመሺ!»

አሁን ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ ገልብጬ ጨርሻለሁ። ከፍቼ ማየት ግን አልቻልኩም።

እናንተስ፣ የተለያችሁን ሰው ድምፅ መልሶ ለመስማት መቼ አቅም አገኛችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።