የዝናቡ ዓመት መገበሪያ

እናቴ እህል በረንዳ የስንዴ ሱቅ ነበራት። ደርግ ወድቆ የእህል ንግድ እንደ ልብ በሆነባቸው ዓመታት፣ እኔም አግብቼ ቤት ከያዝኩ በኋላ፣ ከሱቋ አልጠፋም ነበር። የአዲሱ መኸር የመጀመሪያ ጭነት ሲራገፍ ደግሞ መቅረት አይሆንልኝም። እማዬ ለማንም ሳትሸጥ፣ እኛም ሳንቀምስ፣ ከመጀመሪያው ጆንያ አንድ ቁና ስንዴ ለመገበሪያ አንስታ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች። የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ስለሆነ ፍሬው ነጭና ሙሉ መሆን አለበት። እሱ ሳይደርስ ሌላ ጆንያ አይፈታም።

እኔ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ። "መጀመሪያ የመጣው ምርጡ ካልሆነስ?" እያልኩ አደርቃት ነበር።

"ሲመጣ ይታያል" ትለኛለች።

መጣ። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ስንዴው ታጭዶ ሳይሰበሰብ ዝናብ መታው። የመጀመሪያው ጆንያ ሲፈታ ግማሹ ጠቁሯል፣ ከቀረውም ብዙው ጎንቁሏል። እማዬ አንድ እፍኝ ዘግና አገላብጣ አየችው። እኔ ግን አልዋሽም፣ ጥያቄዬ መልስ ሊያገኝ ነው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ከደንበኞቻችን ሁሉ አብልጦ የሚገዛው የወፍጮ ቤት ባለቤት ከች አለ።

"እትዬ፣ ለእኔ ግድ የለም፣ ከደህናው እቀላቅለዋለሁ። ሁሉንም ያስጭኑልኝ።"

"የእግዜር ሳይወጣ አልሸጥም።"

"እንግዲያው ሌላ ቦታ ልገዛ ነው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችው። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። እሱ ከቀረ ዓመቱን እንዴት እንደምንገፋው እያሰብኩ ፈራሁ።

ይህን የሰሙት ጎረቤታችን ሐጂ፣ እሳቸውም የስንዴ ነጋዴ ናቸው፣ ብቅ አሉ። "እትዬ፣ እኔ ጋ ዝናብ ያልነካው አለ። አንድ ቁና ይውሰዱና ሥራዎን ይጀምሩ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ። እሱ ግን ለእርስዎ የተሰጠ ነው። እኔ የምጠየቀው ለእኔ በተሰጠኝ ነው።"

ከዚያ ሰፌድ አውጥታ፣ ያንኑ የመጀመሪያውን ጆንያ አስጠግታ ቁጭ አለች። ሳታፈስ መልቀም ጀመረች ማለት ነው። ከጠቆረው መሐል ነጩንና ሙሉውን ብቻ አንድ በአንድ ታወጣለች። ለካ የጥያቄዬ መልስ እሱ ነበር። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐጂ ትንሽ ሲያዩን ቆዩና መነጽራቸውን አድርገው፣ በርጩማ ስበው ተቀላቀሉን።

"እኛም ዘካ ስናወጣ ከመጥፎው አናወጣም" አሉ።

ያን ቀንም፣ በማግስቱም ምንም ሳንሸጥ ዋልን።

ቁናው ሲሞላ ተከትያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የተቀበሉን ሸምገል ያሉ ቄስ ዘገን አድርገው አዩት። "እንዴት ያምራል! ዘንድሮ ጥሩ ዓመት ነው ማለት ነው" አሉ።

"እግዜር ይመስገን፣ አባ" ብላ መስቀል ተሳለመች።

ስንመለስ ባለ ወፍጮው ከሌላ ሱቅ ሲያስጭን አየነው።

"ደንበኛሽ ያውልሽ" አልኳት። "ይህን ሁሉ ከፍለሽበት፣ ለቄሱ እንኳ ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ስንዴውን ሰጥቼ ምስጋናውን ለራሴ ላስቀር?" አለችኝና፣ የቀሩትን ጆንያዎች ልትፈታ ወደ ሱቋ ፈጠን አለች።