ፍላቱ ቲቪና የወንድም ጋሼ እጅ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ኃጢአት አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁም እሱኑ ነው። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። በጾም የበላሁትን፣ በጎረቤቴ የቀናሁትን፣ ሚስቴን የዋሸኋትን አንድም አልደበቅኩም። ይህን ግን እንዴት ብዬ ልጀምረው? «አባ፣ ቢጫውን ገመድ ኮንቨርተሩ ላይ ሰካሁና ወንድሜን በደልኩት» ብላቸው ምን ይሉኛል? ጸበል ግባ ይሉኛል። ይኸው፣ ገና ከመጀመሬ ሰበብ መደርደር ያዝኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ዝም ያልኩት አባ አይገባቸውም ብዬ አይደለም። ይገባቸዋል ብዬ ፈርቼ ነው።

እኔ እንጅባራ ከተማ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ዲሽ እተክላለሁ። ወንድም ጋሼ የምለው ታላቄን ፈንታሁንን ነው። እሱ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በአባታችን መሬት ላይ ያርሳል። እዚያው ቤት አንድ ዳማ ፈረስ አለ፤ የአባታችን ፈረስ የልጅ ልጅ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከቤታችን አንድ ሰው በዳማው ላይ ወጥቶ ከሰልፉ ይቀላቀላል። አባታችን ካረፉ ጀምሮ ያ ሰው ወንድም ጋሼ ነበር። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ሰው መሆን ያምረኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ያምረኝ ነበር።

በልጅነታችን፣ ቤተሰቡ ገና እንጅባራ ሳለ አባታችን ከዳንግላ አንድ የቲቪ ጌም ይዘውልን መጡ። በካሴት የሚሠራ፣ የፕላስቲክ ሽጉጥ ያለው ነው። ካሴቱን ስትከቱት ዳክዬዎች ከሣር ውስጥ ብድግ ብለው ይበራሉ፤ እናንተ ትተኩሳላችሁ። እኔ አፈሙዙን የቲቪው መስተዋት ላይ ካልለጠፍኩ አንዷንም አልመታም ነበር። እናታችን «ዓይንህ ይጠፋል፣ ራቅ በል!» እያለች ትጮህብኛለች። ወንድም ጋሼ ግን በሩን ተደግፎ፣ በግራ እጁ ቆሎ እየቃመ፣ በቀኙ ይተኩሳል። አይስትም። የሰፈሩ ልጆች እሱ ሲተኩስ ለማየት በመስኮት ይንጠለጠሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እኮራበት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምቱ ጭቃ ዳማው ተንሸራትቶበት ወንድም ጋሼ ወደቀና ቀኝ እጁ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፣ ጠገነው። መስከረም ላይ ማሰሪያው ተፈትቶ እጁ እንደ ድሮው ይታጠፍና ይዘረጋ ነበር። ልቡ ግን አላመነውም። በዓሉ ላይ ፈረስ እየጋለበ ዘንግ የሚወረውር ሰው እጁን ከተጠራጠረ ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል። ወንድም ጋሼ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነው።

አንድ የገበያ ቀን እቤቴ መጣ። ያን ሰሞን ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ፍላት ቲቪ ሰቅዬ ነበር። ቁም ሳጥኑ ላይ ያን የልጅነታችንን ጌም አየና አወረደው።

«ይሄ ነገር እስካሁን ይሠራል?»

«በእኔ ቤት የማይሠራ ነገር አለ?»

«በል ሰካልኝ። እጄን ልፈትነው። ወጌሻውም ሐኪሙም ድነሃል ይሉኛል፤ እኔ የማምነው ዳክዬዋን ነው።»

የድሮ ጌም ከአዲስ ቲቪ ጋር ማገናኘት የምወደው ሥራ ነው። ሦስት ገመድ ነው ያለው፤ ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ። አዲሶቹ ቲቪዎች ላይ የእነዚህ መሰኪያ ስለሌለ ገመዶቹ መጀመሪያ ክብሪት ሳጥን የምታክል ኮንቨርተር ላይ ይሰካሉ፤ ከእሷ ደግሞ የኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቲቪው ይሄዳል። ብዙ ሰው ኮንቨርተሯ ራሷ መብራት እንደምትፈልግ ይረሳና ቲቪው ተበላሸ ብሎ ያመጣልኛል። እኔ አልረሳሁም። ሁሉንም ሰክቼ ሳበራው ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ሁሉ ነገር ወደ ጎን ተለጥጦ ዳክዬዎቹ ቦርጭ አውጥተዋል።

«ምን እየቀለብካቸው ነው?» አለ ወንድም ጋሼ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

በሩን ተደግፎ ቆመና ተኮሰ። ዳክዬዋ አመለጠች። ደግሞ ተኮሰ፤ አመለጠች። ሽጉጡን በሁለት እጁ ያዘው። ጠጋ አለ። በርከክ ብሎ ተኮሰ። ሁሉም አመለጡ።

አውቅ ነበር? ልክ ነው፣ አውቅ ነበር። ያ ሽጉጥ የሚሠራው ከድሮው ቲቪ ጋር ብቻ ነው፣ ከኋላው ከርስ ካለው ጋር። ሽጉጡ ጥይት የለውም፤ ዓይን ነው ያለው። ቃታውን ስትስቡት ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ የሽጉጡ ዓይን ያንን ብልጭታ በዚያችው ቅጽበት ማየት አለበት። ፍላት ቲቪ ላይ ምስሉ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እኛ ልብ አንለውም፤ ሽጉጡ ግን አይቶ ያጣዋል። ይህን ለደንበኞቼ አስረድቼ አውቃለሁ፤ «ሽጉጡን ለልጅ መጫወቻ ስጡት» ብዬ መክሬያለሁ። ገመዱን ስሰካ ረስቼው ነበር፤ ይህን እመኑኝ። የመጀመሪያዋ ዳክዬ ስታመልጥ ግን ትዝ አለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ወንድም ጋሼ እጁን እያየ ነበር። ያን ጊዜ ዳማው በሐሳቤ መጣብኝ፣ ከነጌጡ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ዝምታ ነው ብዬ ራሴን እደልል ነበር። ሽጉጡን ወደ እኔ ዘረጋና «እስቲ አንተ ሞክረው» አለኝ። ብተኩስ እስታለሁ፤ ሁለታችንም ከሳትን ደግሞ ችግሩ የእጁ እንዳልሆነ ይገባዋል። ይህን በልቤ አሰላሁ። አሰላሁና «እኔማ ድሮም አልመታ፤ የእኔ መሳት ምን ይነግርሃል?» አልኩት።

ሽጉጡን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እጄ ሄዷል» አለ።

«ምን ታደርገዋለህ፣ ወንድም ጋሼ። ዕድሜ ነው።»

ያኔ ሽበት እንኳ አልነበረውም። እንዴት አፌ እሺ አለኝ? ማን አስገደደኝ? ማንም። ሻዩን ጠጥቶ ሲነሳ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ዘንድሮ ዳማው ላይ አንተ ውጣ» አለኝ።

ወጣሁ። ኮርቻውን ያሰረልኝ፣ የፈረሱን ጌጥ ወለባውን ያስተካከለልኝ፣ ፈረሱን በአዊኛ እያባበለ ያረጋጋልኝ እሱ ነው። እኔ ከሰልፉ ጋር ሳልፍ እሱ ከሕዝቡ መሐል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ጸጸት ወጋኝ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልወጋኝም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ጥርም ወጣሁ፣ ከዚያም በኋላ ወጣሁ።

ጸጸቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ያመጣችውም የወንድም ጋሼ ሚስት ይታይሽ ናት። አንድ ቀን ድንች ልታደርስልኝ መጥታ «ወንድምህን ምን እንደነካብኝ እንጃ» አለችኝ። «ደህናውን እጁን እንደ በሽተኛ ይሸሽገዋል። ውኃ በግራው ነው የሚቀዳ። አጥር ሲታጠር መጥረቢያውን ለሌላ ይሰጣል። ሽማግሌ ሆኛለሁ ይለኛል። በየሳምንቱ ሚካኤል ጸበል ይሄዳል።» ከሄደች በኋላ ድንቹን እያየሁ ተቀመጥኩ። እጁን እኔ ነበርኩ የሰበርኩት። ፈረሱ የሰበረውን ወጌሻ ጠግኖት ነበር፤ የእኔን ማን ይጠግነው?

ከርሳም ቲቪ መፈለግ ጀመርኩ። እንጅባራ ውስጥ የነበሩትን «ይሄን ጣሉት፣ ፍላት ግዙ» እያልኩ ያስጣልኩት ራሴ ስለሆንኩ አንድም አጣሁ። መጨረሻ ላይ ዳንግላ አንዲት እናት ቤት አገኘሁ። የአበባ ማስቀመጫና የልጆቻቸውን ፎቶ ደርድረውበት ጠረጴዛ አድርገውታል። እለውጥልዎታለሁ ብዬ ለመንኳቸው፤ አንድ ደህና ትንሽ ፍላት ቲቪ ሰቀልኩላቸውና ሰጡኝ። ያን ክብደት በጋሪ እስከ መናኸሪያ አደረስኩት፤ ከዚያ ሚኒባስ ላይ ጫንኩት። ረዳቱ «ጋሼ፣ ይሄን ሬሳ ወዴት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቲቪውን ጠግኜ ወንድም ጋሼን ጠራሁት። ኮንቨርተር የለ፣ ምን የለ፤ ቢጫው ከቢጫው፣ ነጩ ከነጩ ጋር ገባ። ዳክዬዎቹም ወደ ድሮ ቅጥነታቸው ተመለሱ። አልተኩስም አለ። ለመንኩት። በግራው ሊይዘው ሲል «በቀኝህ፣ በእመቤቴ» አልኩት።

ተኮሰ። ዳክዬዋ ወደቀች። ተኮሰ፤ ወደቀች። ወደ በሩ አፈገፈገ፤ ተደገፈና ተኮሰ። አንዷም አላመለጠችም። ሽጉጡን ጣለና ቀኝ እጁን ደጋግሞ ሳመው። እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር።

«ሚካኤል ነው!» አለኝ። «ጸበሉ ነው! ተስዬ ነበር እኮ!»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ደስታውን እንዳልነጥቀው ብዬ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ ራሴን አላምነውም። እሱ እያቀፈኝ ስለነበር ነው። እቅፉ እንዳይፈታብኝ ነው። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

ስለቱን አገባ፤ ጌጠኛ ጃንጥላ ነው፣ ዙሪያው ዘርፍ ያለው። በንግሥ ቀን ከታቦቱ ጋር ሲዘረጋ ወንድም ጋሼ በክርኑ ነካ ያደርገኝና «የእኔ ናት» ይለኛል። እኔም ቀና ብዬ አያታለሁ። ታምራለች። ሊቀ መላእክቱ እጁ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ማን ያውቃል፣ ዳንግላ ድረስ የላከኝ እሱ ይሆናል። ዕዳዬን ግን በእሱ ላይ አላላክክም።

ባለፈው ጥር ዳማው ላይ የወጣው ወንድም ጋሼ ነው። ኮርቻውን እኔ አሰርኩለት። ዘንጉን ሲወረውር የሕዝቡ እልልታ ከጆሮዬ እስካሁን አልጠፋም። ከወረደ በኋላ ትከሻዬን ይዞ «አንተም እኮ ጎበዝ ነበርክ። ልጠይቅህ እያልኩ፤ ዳማውን ስነጥቅህ ከፋህ እንዴ?» አለኝ። እኔን ነው የጠየቀው። ለእኔ አዝኖ ነው።

አሁን ይታይሽ ትስቃለች፤ አጥሩን እሱ ራሱ አጥሮታል፤ ቤቴም ሰላም ነው። ደስተኛ ሰው ነኝ፤ ይህን አልክድም። ሁሉ ተስተካክሏል፤ እኔ ካልተናገርኩ ማንም አይጎዳም። ይህንንም አስልቼዋለሁ፤ ስሌቴ ግን ያን ቀን ሽጉጡን አልቀበልም ያልኩበት ስሌት ነው። የወሰድኩበትን የእነዚያን ዓመታት ጥር መመለስ አልችልም። ሰው ስህተቱን ካረመ በቃው እንዳትሉኝ። ሽጉጡን እያስቀመጠ «እጄ ሄዷል» ያለው ቤቴ ውስጥ ነው፣ እያየሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድም ጋሼ ይመጣል። ሁለቱንም ቲቪ ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ቢጫውን ገመድ ኮንቨርተሩ ላይ ሰክቼ ፍላቱን አበራለሁ። ሽጉጡን በቀኝ እጁ አስይዘዋለሁ። የመጀመሪያዋ ዳክዬ ስታመልጥ እጁን ያያል፤ ያን ጊዜ ሽጉጡን እቀበለውና እኔም እተኩሳለሁ፤ እኔም እስታለሁ። ከዚያ አፌን እከፍታለሁ።